ከቡይት ራስ እስከ ጨነቅ፦ የስሜንን ገደል ተከትሎ የእግር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ጃናሞራ የሚዘልቀው የጠጠር መንገድ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ሰንጥቆ ያልፋል። ሳንቃበርን፣ አምባራስንና ጨነቅን እያገናኘ እስከ ቧሂት ማለፊያ ይወጣል። በስተግራ ያለው የገደል አፋፍ ነው፤ የእግር መንገዱም አፋፉን ይዞ፣ አንዴ ከመኪናው መንገድ እየተጠጋ አንዴ እየራቀ ይሄዳል። ለዕቅድ እንዲህ ያለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም፤ የደከመ ሰው ጉዞውን ሳያበላሽ መኪና ላይ ሊወጣ ይችላል።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ መንገድ ነው። ጎንደር ቁርሱን የበላ ሰው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ 3,620 ሜትር ላይ ጨነቅ ሊያድር ይችላል። መኪናው ያደርሰዋል፤ ሳንባና ጭንቅላቱ ግን አብረው አይደርሱም። ስለዚህ ስለ ድንኳንና ስለ በቅሎ ከማሰብ በፊት መወሰን ያለበት መኪናው የት ድረስ እንደሚወስዳችሁና እግራችሁ የት እንደሚጀምር ነው።

መጀመሪያ የመንገዱን ደኅንነት ማጣራት

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የጎንደር–ደባርቅ መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል። የአስጎብኚ ድርጅት «ችግር የለም» ስላለ ብቻ ትኬት አይቆረጥም። ሦስት ሰው ለየብቻ ጠይቁ፦ ደባርቅ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት፣ ልታርፉበት ያሰባችሁትን ሆቴል፣ በመስመሩ የሚመላለስ ሾፌር። ጥያቄውም «ሰላም ነው ወይ?» ሳይሆን ቁርጥ ያለ ይሁን፦ በዚህ ሳምንት መኪና አልፏል? ፓርኩ አዳሪ እየተቀበለ ነው? ነዳጅ ከየት ይቀዳል? የሦስቱ መልስ ካልገጠመ ጉዞውን አቆዩት። ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ እንደገና ጠይቁ፤ ሲሄዱም በቀን ብቻ ነው። የውጭ ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁን አንብቡ፤ መንግሥታችሁ «አትሂዱ» ባለው አካባቢ ለሚደርስ ጉዳት ብዙዎቹ አይከፍሉም።

ወር መምረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ነው፤ ገደሉ አጠገብ ቆማችሁ ገደሉን ሳታዩት ልትመለሱ ትችላላችሁ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አገሩ አረንጓዴ ነው፣ አበባው ይፈካል፣ የጅንባር ፏፏቴም ሙሉ ነው። ምርጫ ያለው ሰው ጥቅምትን ይያዝ። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርድና ጠዋት ሣሩም ድንኳኑም በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። ከየካቲት ወዲያ አቧራውና ጭጋጉ ይበዛል፣ ፏፏቴውም ይቀጥናል። ጥምቀት አካባቢ ለመሄድ ካሰባችሁ የጎንደር ሆቴልና አውሮፕላን ቀድሞ እንደሚሞላ አትርሱ፤ ከተራና ጥምቀትን አክብሮ ከጥር 13 ወይም 14 ጀምሮ ወደ ተራራው መውጣት ይሻላል።

በየትኛውም ወር ገደሉ የሚታየው ጠዋት ነው። ፀሐይ ቆላውን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ግድግዳውን ይዞ ይወጣና እኩለ ቀን ላይ አፋፉን ደመና ይሸፍነዋል። ሦስት ሰዓት ላይ እስከ ታች የታየው ቆላ ሰባት ሰዓት ላይ ነጭ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ቁርስ ላይ መዘግየት የሚያስከፍለው ይህንን ነው።

ሌሊቱን በከፍታ ማስላት

ሰው በከፍታ የሚታመመው ቀን በወጣበት ከፍታ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ባደረበት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የተለመደ መመሪያ ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር፣ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ላይ ናቸው። በዚህ ቅደም ተከተል ካደራችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ጭማሪው 400፣ 350 እና 20 ሜትር ይሆናል፤ መመሪያው ሳይጣስ አራቱም ሌሊት ያልፋል። ደባርቅ ማደርን «ቀን ማባከን ነው» ብለው የሚዘሉ አሉ፤ ከጎንደር ተነስተው ሳንቃበር ሲያድሩ በአንድ ቀን ከ1,000 ሜትር በላይ ወጡ ማለት ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ራሱን ይዞ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የመጣ ሰው ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚውል ስለሚያድር በመጠኑ ለምዷል። ከድሬዳዋ፣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በቀጥታ የመጣ ዘመድ ግን ምንም ያህል ስፖርተኛ ቢሆን አልለመደም፤ የኢትዮጵያ ደም መኖሩም አያድነውም። ለእንዲህ ያለው ሰው ጎንደር ላይ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ጨምሩ፤ ቤተ መንግሥቱንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን እያየ ይለምድ።

ቀላል ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው፤ እነዚህ ከታዩ እዚያው ይታደራል እንጂ ወደ ላይ አይኬድም። ማስመለስ ከተጨመረ፣ ቁጭ ብሎ እያረፈ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ተረከዝን ከጣት እያገናኙ በቀጥታ መስመር መራመድ አቅቶት ከተወላገደ ሌሊትም ቢሆን መውረድ አለበት፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። አሴታዞላማይድ የሚባለውን መድኃኒት አስቀድሞ ለመከላከል የሚወስዱ አሉ፤ የተለመደው መጠን 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ነው። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ያደነዝዛል፤ ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይንካው። ማስታገሻ ደግሞ ምልክቱን ስለሚሸፍን ራሱን ያመመው ሰው ሳይናገር ውጦ እንዳይሄድ ተነጋገሩ። አረቄው ሞቅ ያደረገ ይመስላል እንጂ ሙቀት ያስወጣል፣ እንቅልፍም ያበላሻል።

አንድ ነገር በካርታ ላይ አስምሩበት፦ ከማደሪያዎቹ መካከል መኪና የማይደርሰው ግጭ ብቻ ነው። ከዚያ ለመውረድ በእግር ወይም በበቅሎ ወደ አምባራስ ሁለት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ውሳኔው የሚወሰነው ሳንቃበር ላይ፣ ጠዋት ነው። ያመመው ሰው «እስክንደርስ ይሻለኛል» እያለ ወደ ግጭ አይሄድም፤ መኪናው እዚያው ሳለ ይመለሳል ወይም አንድ ሌሊት ይደግማል።

የየቀኑ አካሄድ

በመጀመሪያው ቀን ከደባርቅ እስከ ቡይት ራስ በመኪና ሂዱ። መንገዱ በእርሻና በመንደር መካከል የሚያልፍ አቧራማ ነው፤ ወደ ጃናሞራ የሚመላለሱት አይሱዙዎች ያለፉ ቁጥር ሻሽ ለአፍና ለአፍንጫ ያስፈልጋል። በእግር የሚያስኬድ ነገር የለውም። ከቡይት ራስ አፋፉን ይዞ ሳንቃበር ለመድረስ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይበቃል። ጭላዳ ዝንጀሮው በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ የሚገኘው በዚህ መሥመር ነው፤ ምግብ አትስጡት፣ በመንጋው መሐልም አትለፉ።

ሁለተኛው ቀን ከሳንቃበር ወደ ግጭ ነው፤ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። የጅንባርን ፏፏቴ ለማየት ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ግራና ቀኙ ገደል በሆነ ጠባብ ሸንተረር ላይ መሄድ ይጠይቃል፤ ከፍታ የሚያዞረው ሰው እዚያ መገንጠያው ላይ ቢጠብቅ ያዋጣል። ከዚያ በኋላ ወደ ጅንባር ወንዝ ወርዶ በማዶው ቀጥ ያለ አቀበት ይወጣል። የጉዞው ክፉ ሰዓት ይህ ነው፤ አቀበቱ የሚመጣው ከድካም በኋላ፣ ጥላ በሌለበት፣ ብዙ ጊዜም በቀትር ነው። ወንዙ ዳር ዕረፉ፣ ብሉ፣ ውሃ ቅዱ፣ ከዚያ እያወራችሁ መሄድ በምትችሉበት ፍጥነት ውጡ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ከላይ ስትደርሱ ሜዳው ጓሳ የሚባለው ሣርና ጅብራ የሚባለው ተክል ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ስለሰፈሩ እንደ ድሮው ከመንደር እንቁላል ወይም ዶሮ እገዛለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ።

ሦስተኛው ቀን ረጅሙ ነው። ከግጭ በ12 ሰዓት ተኩል ተነስታችሁ 3,926 ሜትር ላይ ወዳለው እሜት ጎጎ ሂዱ፤ ሁለት ሰዓት አይሞላም። በሦስት አቅጣጫ ገደል የከበበው ምላስ ነው፤ ከስሜን አንድ ቦታ ብቻ አሳየኝ የሚል ሰው ቢመጣ የሚወሰደው እዚህ ነው። ከዚያ ወርዶ 4,070 ሜትር ላይ ያለውን ኢናትየን ወጥቶ ጨነቅ መግባት የሙሉ ቀን ሥራ ነው፤ በድምሩ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። እሜት ጎጎ ላይ 3 ሰዓት ሲሆን ቁርጥ ውሳኔ ይወሰናል፦ ጉልበቱ ያመመው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ከአንድ ሰው ጋር ወደ ግጭ ተመልሶ ወደ አምባራስ ይወርድና መኪና ይዞ ጨነቅ ይገባል። ኢናትየ አቀበት ላይ ከተደረሰ በኋላ ልመለስ ቢባል ጊዜው ሄዷል።

ይህ የሚሠራው ከሾፌሩ ጋር አስቀድሞ ከተቋጨ ብቻ ነው። ኔትወርኩ ተቆራራጭ ስለሆነ «እንደዋወላለን» ብሎ መለያየት አይሆንም። በወረቀት ጻፉለት፦ በሦስተኛው ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ አምባራስ ቁም፤ እስከ 9 ሰዓት ማንም ካልመጣ ወደ ጨነቅ እለፍ፤ እዚያ እደር። መኪናው ከመሬት ከፍ ያለና ሁለት ትርፍ ጎማ የያዘ ይሁን። የኪራዩ ዋጋ ነዳጁን፣ የሾፌሩን አበልና ቆሞ የሚውልባቸውን ቀናት ይጨምር እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ይነገር፤ ጭቅጭቅ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

በአራተኛው ቀን ጨነቅ ላይ ጎሕ ሲቀድ ተነሱ። ዋሊያ በብዛት የሚታየው እዚህ፣ ጠዋት ማልዶና ማታ ሲበርድ ነው፤ ቀን ላይ ገደሉ እርከን ላይ ገብቶ ይቀራል። ቀይ ቀበሮም አለ፤ ግን ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ዕድል ነው። ጉልበት የተረፈው ሰው 4,430 ሜትር ወዳለው የቧሂት ጫፍ ወጥቶ ይመለሳል። መኪናው እስከ ማለፊያው አድርሷችሁ ከዚያ ጥቂት ብቻ መራመድ ትችላላችሁ፤ ሦስት ሌሊት ከፍታ ላይ ላደረ ሰው ምንም አይደለም፣ በመጀመሪያው ቀን ግን አይሞከርም። ራስ ዳሽን ከዚህ ማዶ ነው፤ በዚህ ዕቅድ ላይ ቢያንስ ሦስት ቀን ይጨምራል፣ ራሱን ችሎ የሚታቀድ ጉዞ ነው።

ደባርቅ ላይ የሚያልቅ ጉዳይ

የመግቢያ ክፍያ፣ ስካውት (መሣሪያ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ)፣ አስጎብኚ፣ ወጥ ሠሪና በቅሎ የሚጨረሱት በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ስካውት ግዴታ ነው። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ስለሚለያይ መታወቂያችሁን፣ ትውልደ ኢትዮጵያ የሆናችሁም ቢጫ ካርዳችሁን ያዙና የትኛው ዋጋ እንደሚመለከታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ከደባርቅ ወዲያ ባንክም ኤቲኤምም ስለሌለ ብሩ በጥሬው፣ ተመንዝሮ ይያዝ። ጽሕፈት ቤቱ የሚደረሰው በእግር ጉዞው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ጠዋቱ ሙሉ ለጉዞ ይተርፋል።

ለሁለት ሰው አንድ በቅሎ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጎማ ያለው ሻንጣ በቅሎ ጀርባ ላይ አይታሰርም፤ ለስላሳ ቦርሳ ወይም ማዳበሪያ ይሁን፣ ውስጡንም በፌስታል ጠቅልሉት። የእኩለ ቀን ምግብ፣ ውሃ፣ የዝናብ ልብስና መድኃኒት በቅሎው ላይ አይጫንም፤ በቅሎው በሌላ መንገድ ቀድሞ ይሄዳልና ማታ ነው የምታገኙት።

ስንቅ

ዋናው ስህተት የሚበሉትን አፎች አለመቁጠር ነው። አራት ተጓዥ ማለት አስጎብኚ፣ ስካውት፣ ወጥ ሠሪና ሁለት ባለበቅሎ ተጨምረው ዘጠኝ ሰው ነው። ስካውቱና ባለበቅሎዎቹ ትንሽ ስንቅ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ ግን በዚያ ብርድ አንዱ ሲበላ ሌላው አያይም። ለአንድ ሰው በቀን 150 ግራም ሩዝ ወይም ፓስታ፣ 80 ግራም ምስር ክክ፣ 100 ግራም በሶ፣ 100 ግራም ቆሎ፣ 150 ግራም ዳቦ ወይም ድርቆሽ ያዙ። ለዘጠኝ ሰው ለአራት ቀን ሲባዛ 5.4 ኪሎ ሩዝና ፓስታ፣ 2.9 ኪሎ ገደማ ምስር ክክ፣ 3.6 ኪሎ በሶ፣ የዚያኑ ያህል ቆሎና 5.4 ኪሎ ዳቦና ድርቆሽ ይመጣል። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ስኳርና ሻይ ከላይ ናቸው። ይህ ሁሉ የጾም ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ ላይ አትቸገሩም፤ ለሚፈስክ ሰው እንቁላልና ቅቤ ይጨመር።

ምስሩ ክክ የሆነው በምክንያት ነው። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በዚህ ሙቀት ሽምብራና ባቄላ ሲንተከተክ ይመሻል እንጂ አይበስልም። ፕሬዠር ኩከር ካልያዛችሁ ሙሉ ጥራጥሬ አትሸከሙ። ለመጠጥ ውሃ ግን 88 ዲግሪም ይበቃል፤ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። «ውሃ አጋር» የሚባለውን የውሃ ማከሚያ የምትጠቀሙ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ 30 ደቂቃ የተባለውን አንድ ሰዓት አድርጉት። ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ቁጠሩ፤ በብርድ ጥም አይሰማም፣ ሽንቱ ግን ሲጠቁር ይናገራል።

እንጨት ለቅሞ ማንደድ የለም። የጋዝ ሲሊንደር አውሮፕላን ላይ ስለማይፈቀድ ምድጃውንና ነዳጁን ጎንደር ወይም ደባርቅ ላይ ከወጥ ሠሪው ጋር ጨርሱ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የተነሳው ቃጠሎ ጓሳውንና አስታ የሚባለውን ዛፍ ይዞ ለማጥፋት ከእስራኤል ባለሙያዎች እስኪመጡ ደርሶ ነበር። በደረቁ ወራት የሲጋራ ቁራጭም ጣሳ ውስጥ ነው የሚገባው።

ልብስ፣ ጫማና አፋፉ

የመኝታ ከረጢት እስከ –5 ዲግሪ የሚችል ይሁን። ደባርቅ የሚከራይ አለ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ዚፑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎትታችሁ ፈትሹ፣ ድንኳንም ከሆነ እዚያው አቁማችሁ ምሰሶውን ቁጠሩ። ማታ ለመቀመጫ ከጋቢ የሚሻል የለም፤ ግን ከረጠበ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም፣ ስለዚህ በፌስታል ታስሮ በበቅሎ ይሂድ። ቀን ላይ የጥጥ ቲሸርት በላብ ረጥቦ አፋፍ ላይ ንፋስ ሲመታው ያንቀጠቅጣል፤ ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ከውስጥ፣ ሹራብ ከላይ፣ ንፋስና ዝናብ የሚከላከል ጃኬት ከሁሉ በላይ። ፀሐዩ በብርድ ውስጥ ያቃጥላል፤ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባትና የከንፈር ቅባት ለጥቁር ቆዳም ያስፈልጋል። አዲስ ጫማ አታውጡ፣ ከመነሳታችሁ በፊትም የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ፤ ከኢናትየ ሲወረድ ረጅም ጥፍር የጫማውን ጫፍ እየመታ ይጠቁራል። ለጉልበት ዱላ ያዙ። የስልክ ባትሪ በብርድ ስለሚሞት ሌሊቱን ከእናንተ ጋር ከረጢቱ ውስጥ ይደር።

አፋፉ ላይ ከጫፉ ሁለት ሜትር ራቁ። ሣር የለበሰው ጫፍ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ሲታይ ደልዳላ መሬት ነው፣ ከጎን ሲታይ ግን ወደ ውጭ የተንጠለጠለ አፈር ነው። ታች ማየት የፈለገ በደረቱ ተኝቶ ይሳብ፣ ሌላው እግሩን ይያዝለት። ጀርባን ለገደል ሰጥቶ ሰልፊ መነሳት አይደረግም። ስካውቱ በእጁ «ወዲህ» ካለ ምክንያቱን ሳትጠይቁ ወዲህ ኑ።

የመጨረሻው ሒሳብ

ጉዞው ጨነቅ ላይ ሲያልቅ እናንተ፣ ስካውቱና ወጥ ሠሪው በመኪና ትመለሳላችሁ፤ በቅሎዎቹ ግን በእግራቸው ወደ ደባርቅ ይሄዳሉ። ለባለበቅሎዎቹ የመመለሻው ቀንም ይከፈላል፤ ይህን ደባርቅ ላይ ሳትዋዋሉ ከወጣችሁ ጨነቅ ላይ ቁጣ ይነሳል። ጉርሻ ለየአንዳንዱ በየእጁ ይሰጥ እንጂ ለአንዱ ተሰጥቶ «ተከፋፈሉት» አይባል። የተረፈ ዱቄት፣ በሶና ዘይት ካለ ለባለበቅሎዎቹ ስጡ፤ ቆሻሻውና ባዶ ጠርሙሱ ግን ከእናንተ ጋር በመኪናው ወደ ደባርቅ ይውረድ። ከጨነቅ እስከ 6 ሰዓት ከተነሳችሁ ሳይመሽ ጎንደር ትገባላችሁ።